የእኔ መርፌ፣ የእሷ ስም

ጥቅምት 14፣ ማክሰኞ ጠዋት

ለዓይኔ ብርሃን፣ ለልጄ፤

ሰላምታ ሳላስቀድም አንድ ነገር ልንገርሽ። ሰላምታ ካስቀደምኩ እንደ ልማዴ የጉልበቴን ሕመምና የጣሪያውን ማፍሰስ ስዘረዝር ወረቀቱ ያልቅና፣ ተመስገን ዛሬም አመለጥኩ ብዬ ደስ ይለኛል። አክስትሽ፣ ሚስቴ፣ መካን አልነበረችም። ልጅ ያልወለድነው በእኔ ምክንያት ነው። ይህን ዛሬ አልደረስኩበትም፤ በሠላሳ ስድስት ዓመቴ ሐኪም በግልጽ ነግሮኛል። አውቄ ዝም አልኩ። እሷ ሰው ሁሉ «መካን» እያላት ኖረች፣ በዚያው ስም ተቀበረች።

ይኸው ጻፍኩት። ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ቀድጄዋለሁ፤ ይሄ አራተኛው ነው። አሁን እንግዲህ እንዴት ነሽ? ባልሽስ ደህና ነው? እኔ ደህና ነኝ፣ ጉልበቴም እንደምታውቂው ነው።

ደብዳቤሽ የደረሰኝ ባለፈው ወር መጨረሻ ነው። በውስጡ ያለውን ፎቶግራፍ ሳየው ወንበሩን ስቤ ተቀመጥኩ። ከባልሽ መላጫ ጀርባ ያገኘሻት ያቺ ትንሽ ብልቃጥ፣ ዘይት የሚመስል ቢጫ ፈሳሽ የያዘችው። «ቫይታሚን ነው ይለኛል፤ ከሥራ ባልደረባው ነው የሚያመጣው፤ ድካም ስለሚሰማው ራሱ ይወጋዋል። አባባ፣ ይሄን ነገር የሚያውቅ ሰው ካለ ጠይቅልኝ» ብለሻል። የሚያውቅ ሰው አለ ልጄ። ራሴ ነኝ። ቫይታሚን አይደለም፤ የወንድ ሆርሞን ነው። ብልቃጡንም ጽሑፉንም፣ ከመወጋት በፊት በመዳፍ ውስጥ ይዞ ማሞቁንም ሠላሳ ስድስት ዓመት አውቀዋለሁ።

ያኔውኑ ልጽፍልሽ ይገባ ነበር። ወረቀት አውጥቼ መልሼ አስገባሁት። ከዚያ ባለፈው እሑድ አማትሽ ቤቴ መጣች።

ልብስ ሰፊዋን ታውቂያታለሽ፣ ነገር ስትጀምር ቀሚሷን ጉልበቷ ላይ ታስተካክላለች። አስተካከለችና፣ «እኔ ልጅቷን አልጠላትም፣ እግዚአብሔር ምስክሬ ነው» አለች። እንዲህ ተብሎ የተጀመረ ነገር መልካም ሆኖ ሲያልቅ አይቼ አላውቅም። «አምስት ዓመት ሆናቸው። ልጄ ጤነኛ ነው፣ እንዲያውም አሁን አሁን ደረቱ ሰፍቶ፣ ፈርጥሞ በፎቶ አይቼዋለሁ። እርስዎም በቤትዎ ያዩት ነገር ነው። አክስቷም እንዲሁ ነበረች፣ ነፍሷን ይማርና። ዘር ነው እንግዲህ፤ ከዘር ማን ያመልጣል? ገና ወጣት ነህና አስብበት ልለው ነው። እርስዎ ትልቅ ሰው ስለሆኑ ቀድሜ ላማክርዎ ብዬ ነው።»

እኔ ምን አልኩ መሰለሽ? «ሻይ ልጨምርልዎ?»

ከሄደች በኋላ ብርጭቆዎቹን ሳጥብ ነው የገባኝ። ዝምታዬ አክስትሽን ጨርሶ አሁን ወደ አንቺ ተሻግሯል። አክስትሽ ያልነበረባትን መካንነት አንቺ ወርሰሻል እየተባለ ነው፤ እኔ ደግሞ ሻይ እቀዳለሁ። ውሸትና ስንቅ እያደር ያልቃል ይላሉ። የእኔ ውሸት ግን እያደር ወለደ። እኛ ቤት የወለደ ነገር ቢኖር እሱ ብቻ ነው።

ከመጀመሪያው ልንገርሽ።

በሠላሳ ሁለት ዓመቴ፣ ከአክስትሽ ጋር ከተጋባን ሁለት ዓመት ተኩል ሲሆነን፣ ድካም ያዘኝ። እንቅልፍ የማይነቅለው ድካም። መካኒክ ሆኜ በምሠራበት ጋራዥ ጉድጓድ ውስጥ ከአውቶቡሱ ሥር ቆሜ፣ ዘይቱ ተንጠፍጥፎ እስኪያልቅ ስጠብቅ ግድግዳውን ተደግፌ እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር። በቤትም እንደ ባል አልነበርኩም፤ ከዚህ በላይ ለልጅ አይጻፍም። ጎማ የሚጠግነው ጓደኛችን፣ ጎሚስታው፣ ነገሩ ሸተተውና አንድ ቀን ሠራተኛው ሁሉ ተሰብስቦ ምሳ ሲበላ፣ «እናንተ፣ ይሄ ሰውዬ የከተማውን አውቶቡስ ሁሉ ያስነሳል፤ የራሱ ግን በክሪክም አልተነሳለትም!» አለ። ሳቁ ጣሪያ ነካ። እኔም አብሬ ሳቅኩ። ያልሳቅኩ እንደሆነ እውነት ነው ማለታቸው አይደል።

ማታውን ጎሚስታው ተጸጽቶ ነው መሰል ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ መርፌ የሚወጋ አንድ ድሬሰር ጠቆመኝ። ከአንድ ሱቅ ጀርባ፣ መጋረጃ የተጋረደባት ጠባብ ክፍል። ድሬሰሩ ደሜን አልመረመረም፣ ስለ ሚስቴም ስለ ልጅም አልጠየቀኝም። «ሱሪህን ዝቅ አድርግ» አለኝ፤ ምርመራው ይሄው ነበር። «ይሄ ወንድ የሚያደርግህ ነው፤ በየሦስት ሳምንቱ ና።»

እውነቱን ልናገር፣ ሠራልኝ። በሁለት ወር ውስጥ ጎማ ብቻዬን አነሳ ጀመር። ድምፄ ጠነከረ፣ ጎሚስታውም ዝም አለ። ጉልበት ከመጣ ልጅም ከኋላው ይመጣል ብዬ በየሦስት ሳምንቱ በደስታ ተወጋሁ። ባልሽም አሁን እንዲህ ሳይመስለው አይቀርም። እኔ አልፈርድበትም፣ የምፈርድበት አንደበትም የለኝ።

አራት ዓመት ሆነ። አክስትሽ ስንት በር አንኳኳች፤ ተመረመረች፣ የሚመርር ነገር ዋጠች፣ ደጅ ጠናች፣ ጸለየች። በመጨረሻ የሆስፒታሉ ሐኪም፣ «አንቺ ምንም የለብሽም፤ ባለቤትሽን ላኪልኝ» አላት። ብቻዬን ሄድኩ። መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሚሰቅል ሽማግሌ ሐኪም ነበር። የዘር ምርመራዬን ውጤት አየና፣ «የምትወስደው መድኃኒት አለ?» አለኝ። ነገርኩት። መነጽሩን አውርዶ አፈጠጠብኝ።

«ማነው ያዘዘልህ?»

«ድሬሰር።»

«ደምህን ሳይለካ? ልጅ ትፈልጋለህ ወይ ብሎ ሳይጠይቅህ?»

ከዚያ ቀስ ብሎ አስረዳኝ። ሰውነት ሆርሞኑ ከውጭ ሲመጣለት ተሟልቷል ብሎ የራሱን ሥራ ያቆማል፤ ዘር መሥራቱንም አብሮ ያቆማል። ወዲያው ገባኝ። የተበላሸ አውቶቡስ በሌላ መኪና ሲጎተት ይሄዳል፤ ላየው ሰው ደህና ነው፣ ጎማው ይዞራል፣ መንገደኛው ይለቅለታል። ሞተሩ ግን ጠፍቷል። እኔ አራት ዓመት ሙሉ ተጎታች ነበርኩ።

«አይዞህ» አለኝ። «በእኛ ክትትል ታቆማለህ። ስድስት ወር ሊፈጅ ይችላል፣ ዓመትም ሁለት ዓመትም፤ ለብዙዎቹ ይመለሳል። ካልተመለሰም የራስህን የሚቀሰቅስ ሌላ መድኃኒት እንሞክራለን። ሚስትህን ይዘህ ና፣ ለሁለታችሁ ልንገራችሁ።»

ቤት ስገባ አክስትሽ አንሶላ ታጥፍ ነበር። «ምን አሉህ?» አለችኝ። «ደህና ነህ አሉኝ» አልኳት። አንሶላውን አጠፈችው፣ እንደገና አጠፈችው፣ ከሚገባው በላይ አጠፈችው። «እንግዲያው እኔ ነኛ» አለች።

ከዚያች ደቂቃ ሌላ በዕድሜዬ ብመለስባት የምላት ደቂቃ የለችኝም።

ለማቆም አልሞከርኩም አይደለም። ሁለት ወር ያለ መርፌ ቆየሁ፤ ግን ያንንም ተደብቄ፣ ያለ ሐኪም ነበር። ድካሙ እጥፍ ሆኖ መጣ። በጉድጓዱ ውስጥ ሆኜ ያለ ምክንያት አለቀስኩ። አንድ ቀን ጎሚስታው ከላይ ሆኖ፣ «ኧረ ሰውዬው ዛሬም ተኛ!» ሲል ሰማሁት። በማግሥቱ ድሬሰሩ ዘንድ ነበርኩ። ለከርሞ አቆማለሁ አልኩ። ከርሞ ሲመጣ ለሚቀጥለው አልኩ። ልጅ እፈልግ ነበር፣ እግዚአብሔር ያውቃል፤ ግን ወንድ መባልን አብልጬ ፈለግሁ። ይህን ዓረፍተ ነገር ለመጻፍ ጠዋቱን ሙሉ ፈጅቶብኛል።

እናቴ፣ ነፍሷን ይማር፣ ምላሷ ስለት ነበር። በሰው ፊት፣ «የልጄን ቤት የዘጋው ማነው?» ትላለች። አክስትሽ ደግሞ ሳህን እያነሳች፣ «እኔ ነኝ እማማ፣ ምን ላድርግ» ትላለች። እኔስ? ግድግዳ አያለሁ። ይህን ለእግዚአብሔር ስንቴ ነግሬዋለሁ፤ እሱ ቀድሞ ያውቅ ስለነበር ብዙም አላፈርኩም። ሰው ነው ያፈርኩት። ለእግዚአብሔር የነገሩትን ከሰው መደበቅ ንስሐ ይሁን ብልጠት፣ የተማረ ሰው ይፍረደው።

እናትሽ ስትሞት አንቺ በስድስት ዓመትሽ ወደኛ መጣሽ። የመጀመሪያውን ሳምንት ከአልጋው ሥር ካልተኛሁ ብለሽ አስቸገርሽ። አክስትሽ አልተቆጣችሽም፤ ፍራሹን አውርዳ ከአልጋው ሥር አብራሽ ገባች። እግሯ ግን ውጭ ቀረ። «ቁመት ሲሰጠኝ ለዚህ አላሰበልኝም» ብላ ስትስቅ እስካሁን ይሰማኛል። ያን ቀን ይህች ሴት ስንት ልጅ ትችል ነበር ብዬ አሰብኩና ወጥቼ ደጅ ቆምኩ።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ ምን ልበለው አላውቅም። ተወግቼ በመጣሁ ቀን ቦታው ያመኛል፣ ዘይታማ መድኃኒት ስለሆነ ያብጣል። «ወገቤን ነው፣ ጋራዡ ነው» እላታለሁ። እሷም ጨርቅ በሙቅ ውኃ ነክራ ታመጣለች። ግን ወገቤ ላይ አድርጋልኝ አታውቅም። ዝቅ አድርጋ፣ በቀኝ የተወጋሁ እንደሆነ በቀኝ፣ በግራ የተወጋሁ እንደሆነ በግራ ታስቀምጠዋለች። የቱ ጋ ነው ብላ ጠይቃኝ አታውቅም። ይህን ያስተዋልኩት ከሞተች በኋላ ነው።

በሆስፒታል በመጨረሻዋ ሳምንት፣ «የምነግርሽ ነገር አለ» ብያት ነበር። ዓይኗን ገልጣ አየችኝና፣ «ሻይህን ጠጣ፣ ይቀዘቅዛል» አለችኝ። ጠጣሁት።

አሁን ስለ ባልሽ በደንብ አንብቢ፣ ይህን ገጽ ለሱም አሳይው። መርፌው መርዝ አይደለም፤ መድኃኒት ነው። እኔ አሁንም እወጋዋለሁ። አክስትሽ በሞተች በዓመቱ ራሴን እያዞረኝ ፊቴ ቀልቶ ጤና ጣቢያ ስሄድ ደሜ እንደ ክረምት ዘይት ወፍሮ ተገኘ፤ ትንሽ ቢቆይ ልብ ወይም አንጎል ላይ ሊረጋ ይችል ነበር አሉኝ። ከዚያ በኋላ ነው በሥርዓት የሆነልኝ። መጀመሪያ አስቆሙኝ፤ ቆይተው በተለያየ ቀን ሁለት ጊዜ፣ ያውም ጠዋት፣ ለኩኝ፤ እውነትም አነስተኛ ሆኖ ተገኘ። ሐኪሟ መጠኑን ወሰነች፣ ነርሷ በአዲስ መርፌ ትወጋኛለች፣ ጎኑን ታቀያይራለች፣ በየጥቂት ወሩ የደሜን ውፍረትና ፕሮስቴቴን ያያሉ። ለእኔ ለሽማግሌው፣ ልጅ ለማይጠብቀው፣ ጠቅሞኛል።

ባልሽ ግን አባት መሆን ይፈልጋል። እንግዲህ ከጓደኛው የሚያመጣውን ይተው፤ ሆኖም በራሱ ውሳኔ ነገ አቁሞ እንደ እኔ ጉድጓድ ውስጥ እንዳይቀር፣ ሐኪም ዘንድ ሁለታችሁ አብራችሁ ሂዱ። ብልቃጡን ይዞ ይሂድ። ስንት ወር እንደወሰደ፣ በምን ያህል መጠን፣ ሳይደብቅ ይናገር። ከሁሉ በፊት «ልጅ እንፈልጋለን» በሉ፤ ይህቺ ቃል ሕክምናውን ሁሉ ትለውጠዋለች። ድካሙም ከሌላ ነገር የመጣ ሊሆን ይችላል፣ እሱንም ይመርምሩት። የሌላ ሰው መርፌ ነክቶ እንደሆነም አይሸሽግ። ደረቱን ቢያመው፣ ትንፋሽ ቢያጥረው ወይም አንድ እግሩ ቢያብጥ ቀጠሮ አትጠብቁ።

አትቆጪው። ብትቆጪው ይደብቃል። እኔን ማንም አልተቆጣኝም፤ ቢሆንም ደበቅኩ፤ እንግዲህ ብትቆጪው ምን ያህል እንደሚደብቅ አስቢው። ባል ሲደብቅ ግን «እንግዲያው እኔ ነኛ» አትበይ። እሱን ለምኚልኝ አልልሽም፤ ይህን ብቻ ማይልኝ።

ለአማትሽ ልነግራት አስቤያለሁ። ማሰብ ለእኔ ቀላል ነው፤ ሠላሳ ዓመት አስቤያለሁ። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ ሄጄ ሳልነግራት አላሽገውም።

እግዚአብሔር ቤትሽን በሳቅ ይሙላው። ማኅፀንሽን ይባርከው፤ ባይሰጥሽም ስምሽን ከሰው አፍ ይጠብቀው። የአክስትሽ ትዕግሥት ይድረስሽ፣ የእኔ ዝምታ ግን አይድረስሽ። እኔን ይቅር ለማለት አትቸኩይ፤ ይቅር ማለት የነበረባት ሌላ ናት።

አንቺ አባባ የምትይኝ፣
አጎትሽ

ሐሙስ፣ ከሰዓት በኋላ

ሄድኩ።

አማትሽ የስፌት መኪናዋ ላይ ነበረች፣ መርፌ ቁልፎቹን በከንፈሯ ይዛ። ስታየኝ አወጣቻቸውና፣ «እንኳን ደህና መጡ! ሱሪ ሊያሳጥሩ ነው?» አለችኝ። እግዜር ያሳይሽ፣ አዎ ልላት ነበር። የለበስኩትን ሱሪ አውልቄም ቢሆን አሳጥሪልኝ ልላት ምንም አልቀረኝ። ተቀመጥኩ። ኮፍያዬን ጉልበቴ ላይ አደረግሁ። «ባለቤቴ መካን አልነበረችም» አልኳት። «መውለድ ያልቻልኩት እኔ ነኝ። ያለ ሐኪም መርፌ እየወሰድኩ ዘሬን ያደረቅኩት እኔ ነኝ። ሐኪም ነግሮኝ ደብቄዋለሁ። በልጅቷ ዘር ምንም የለም።» ስለ ልጇ አንዲት ቃል አልተነፈስኩም። የሱ ነው፤ እሱ ይንገራት።

ስትሰፋው የነበረውን የተለካ ጨርቅ ከመኪናው ስባ አወጣች። ትሰድበኛለች ብዬ ጠበቅሁ፣ እንዲያውም ብትሰድበኝ ደስ ባለኝ።

«ይሄን ልጄን የወለድኩ ሰሞን ባለቤትዎ ልትጠይቀኝ መጣች» አለች። «አቀፈችው። እኔ ደግሞ ዓይኗ ያርፍበታል ብዬ ከእጇ ወሰድኩት።»

«ምን አለችዎት?»

«ምን ትላለች። ‹ልክ ነሽ፣ ይበርደዋል› አለችኝ።»

በልቤ ቆጠርኩ። ሐኪሙ ከነገረኝ በዓመቱ ነው። ከዚያ ቤት ተመልሳ መጥታ ራት አቅርባልኛለች፤ ምንም አልነገረችኝም።

አማትሽ በተለካው ጨርቅ ዓይኗን ጠረገች። ለልጇ ዛሬውኑ እንደምትደውልለትና ያን ነገር ዳግመኛ እንደማታነሳ ነገረችኝ። እስከ በሩ ሸኘችኝና እዚያ ቆመን፣ «ለእኔስ ነገሩኝ» አለች። «በዚህ መንገድ ላይ እሷን ያላማት ማን አለ? እኔ ብሄድ ሰው ለምራቷ አዝና ነው ይለኛል። ለነሱ ማን ይነግራቸዋል?»

ቀጥሎ ያለው የሰዓት ጠጋኙ ቤት ነው። አንኳኳሁ፤ ሚስቱ ከፈተችልኝ፣ ግቡ አለችኝ፤ አልገባም፣ እዚሁ ይሁን አልኳት። ባሏንም ጠራችው። ለሁለቱም ነገርኳቸው። ከዚያ የሚቀጥለውን በር አንኳኳሁ። አንዳንዱ አዘነልኝ፣ አንዲት ሴት በሩን ፊቴ ላይ ዘጋችው፣ አንድ ሽማግሌ ስለማይሰማ ሁለት ጊዜ ጮኬ ነገርኩት፤ መንገዱ ሁሉ ሰማ። ፀሐይ ሳትጠልቅ በግራ በኩል ያሉትን ዘጠኝ ቤቶች ጨርሻለሁ።